ከገላ የወጣ ቫይረስ፦ ስንት ይቆያል? በምን ይጠፋል?

ቫይረስ ከታመመው ሰው ወይም እንስሳ ገላ ከወጣ በኋላ ስንት ጊዜ ይቆያል? በምንስ ይጠፋል? ጥያቄው የላቦራቶሪ ሰዎች ብቻ ይመስላል እንጂ የሁሉም ነው። ሰሜን ወሎ፣ ግዳን ወረዳ፣ ሙጃ ላይ የታማሚ ብርድ ልብስ ፀሐይ ላይ የምታሰጣ እናት፣ ለሕፃን የሚሰጥ ውሃ የምታፈላ አራስ፣ የሞተበትን በግ ቆዳ የት እንደሚያደርገው የሚያስብ ገበሬ፣ የክትባት ሣጥን አንግታ ዳገት የምትወጣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ በየቀኑ ለዚህ ጥያቄ በተግባር መልስ ይሰጣሉ። ላለፉት መቶ ሠላሳ ዓመታት ሳይንቲስቶች የሰጧቸው መልሶች ግን እርስ በርስ ሲጋጩ ኖረዋል። ዋናው ምክንያት ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች እንደ አንድ መጠየቃቸው ነው። ቫይረሱ ዕቃው ላይ አለ ወይ? ካለ ማሳመም ይችላል ወይ? ቢችልስ ሰው በእርግጥ የሚታመመው በዚያ መንገድ ነው ወይ? የዚህ ዳሰሳ ሥራ ሦስቱን ነጣጥሎ ማየት ነው።

የደረቀ ቅርፊት

ቫይረስ የሚባል ነገር መኖሩ ከመታወቁ ብዙ ቀድሞ፣ ከገላ የወጣው የበሽታ ዘር በደረቅ ነገር ላይ እንደሚቆይ የሀገራችን ሰው ያውቅ ነበር። በደጋው ኢትዮጵያ የቆየው የፈንጣጣ መከላከያ ዘዴ ከታማሚ ቁስል መግል ወይም ቅርፊት ወስዶ በጤነኛ ሰው ክንድ ላይ በተበጣ ቆዳ ማስገባት ነበር። ብዙዎቹ ቀለል ያለ ሕመም ታመው ይድኑና ዳግመኛ አይያዙም ነበር። አንዳንዶቹ ግን ይሞቱ ነበር፤ ከእነሱም በሽታው ወደ ሌሎች ይተላለፍ ነበር።

ሳይንሱ የመጣው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1892 ሩሲያዊው ኢቫኖቭስኪ፣ በ1898 ደግሞ ሆላንዳዊው ቤየሪንክ፣ የትምባሆ ቅጠል የሚያጠቃ በሽታ ባክቴሪያን በሚያስቀር ማጣሪያ ውስጥ እንደሚያልፍ አሳዩ። በዚያው በ1898 ሎፍለርና ፍሮሽ የከብት አፍተግርም እንደዚያው መሆኑን አረጋገጡ። በ1935 አሜሪካዊው ስታንሊ የትምባሆውን ቫይረስ እንደ ጨው በክሪስታል መልክ አወጣው። ያ ክሪስታል አይበላም፣ አይተነፍስም፣ አይባዛም፤ ቅጠል ላይ ሲያርፍ ግን ያሳምማል። ከዚያ ወዲህ ጉዳዩ በሌላ ዓይን መታየት ጀመረ። ከገላ ውጭ ያለ ቫይረስ የሚያድግ ሳይሆን የሚፈርስ ነገር ነው፤ ጥያቄው የሚፈርስበት ፍጥነት ነው።

የፈንጣጣ ቅርፊት ይህን ፍጥነት ለመለካት ከሁሉ የተሻለውን ማስረጃ ሰጥቷል። ሆላንድ ውስጥ ላይደን ከተማ ተመራማሪዎች ከታማሚዎች የተሰበሰበ ቅርፊት በፖስታ ውስጥ በተራ ክፍል አስቀምጠው በየጊዜው ይመረምሩ ነበር፤ ከ13 ዓመት በኋላም ሕይወት ያለው ቫይረስ አወጡበት። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1968 ሲታተም ከባድ ሥጋት ፈጠረ። የተመረመረው ቀለል ያለው የፈንጣጣ ዓይነት ነበር፤ በሀገራችንም በፈንጣጣ ማጥፊያው ዘመቻ ጊዜ በብዛት የነበረው፣ ከሚይዛቸው መቶ ሰዎች አንድ ሁለቱን የሚገድለው፣ ይኸው ነው። ቅርፊቱ በየጎጆው፣ በየባናው፣ በየከታቢው ቀንድና ጨርቅ ውስጥ 13 ዓመት የሚቆይ ከሆነ በሽታውን ማጥፋት ከቶ ይቻላል?

ተቻለ። ዘመቻው በኢትዮጵያ በ1963 ዓ.ም. ተጀምሮ የመጨረሻው ታማሚ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በደቡብ ምሥራቅ ቆላ ተገኘ። ሠራተኞቹ የሀገር ከታቢዎችን እየፈለጉ ያስቀመጡትን ቅርፊት መሰብሰባቸው እውነት ነው። ማንም ግን የታማሚዎችን ቤት ሁሉ አላቃጠለም፣ አልጋ ሁሉ አላጠበም። የተደረገው ታማሚውን ፈልጎ በዙሪያው ያሉትን መከተብ ነበር። ፈንጣጣ በዋናነት ይተላለፍ የነበረው ፊት ለፊት፣ በቅርብ ትንፋሽ ነውና ይህ በቂ ሆነ። በታማሚ አንሶላ የተያዙ የልብስ አጣቢዎች በታሪክ ተመዝግበዋል፤ ቁጥራቸው ግን ጥቂት ነው። ቅርፊት ውስጥ ያለው ቫይረስ በደረቀ ሥጋ ተተብትቦ ስለሚታሰር፣ ብዙ ዓመት ቢቆይም ወደ ሰው ሳንባ የሚገባበት ዕድል ጠባብ ነበር።

ደስታ፦ በሰዓታት የሚሞት፣ ሀገር የሚያጠፋ

የዚህ ተቃራኒ ምሳሌም ከዚሁ ከእኛው ታሪክ ይወጣል። የከብት ደስታ በሽታ በ1880 ዓ.ም. አካባቢ በምጽዋ በኩል፣ ጣሊያኖች ካስገቧቸው ከብቶች ጋር እንደ ገባ በስፋት ይታመናል። በጥቂት ዓመታት የሀገሪቱን ከብት አብዛኛውን፣ በብዙ ግምት ከመቶ ዘጠናውን፣ ጨረሰ። በሬ ሲያልቅ እርሻው ቆመ፤ ድርቅና አንበጣ ተጨመሩበት፤ ወሎንና ላስታን ጨምሮ ሰሜኑ ሁሉ ክፉ ቀን ያለው ዘመን መጣ።

ይህን ያህል ጥፋት ያመጣው ቫይረስ ከገላ ውጭ ሲሆን ከደካሞቹ አንዱ ነው። ፀሐይና ድርቀት በሰዓታት ውስጥ ይገድሉታል። ክፍት ሜዳ ላይ ትናንት የታመመ ከብት የጋጠበት ሣር ዛሬ ያን ያህል አያሰጋም። ቫይረሱ ሀገር ያዳረሰው ዕቃ ላይ ተቀምጦ ሳይሆን በእግሩ በሚሄድ ከብት፣ በገበያና በውሃ መውረጃ ነው። የሰው ኩፍኝም የእሱ የቅርብ ዘመድ ነው፤ አየር ላይም ዕቃ ላይም ከሁለት ሰዓት በላይ አይሰነብትም፣ በተላላፊነቱ ግን የሚወዳደረው በሽታ የለም።

ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ብዙ ያስተምራል። 13 ዓመት የሚቆየው ቫይረስ ከዓለም ጠፋ፤ ቆይታው አላዳነውም። በሰዓታት የሚሞተው ግን መንግሥት እስኪናጋ አስራበ። በእኔ ግምት በዚህ መስክ ለተፈጠሩት አብዛኞቹ ስሕተቶች ምክንያቱ የቆይታን ርዝመት የአደጋ መጠን አድርጎ መውሰድ ነው። ይህ ስሕተት በኮቪድ ዘመንም ተደግሟል።

ኅዳር ሲታጠን

በኅዳር 1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ሲገባ አልጋ ወራሹ ተፈሪ መኮንን ራሳቸው ታመው ነበር። በከተማዋ ብቻ የሞተው ሰው እስከ 10,000 ይገመታል። የኅዳር በሽታ ይባል የነበረው ይህ ነው። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ ማቃጠልና ሰፈር ማጠን ከዚያ መቅሠፍት ጋር ተያይዞ እስከ ዛሬ ዘልቋል።

ጭሱ ቫይረስ ያጠፋ ነበር? በዚያን ጊዜ የሰውን ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ማንም አላየውም፤ የተለየው እ.ኤ.አ. በ1933 ነው። በሽታ ከቆሻሻና ከመጥፎ ሽታ ይወጣል የሚለው እምነት አውሮፓ ውስጥም ገና ሙሉ በሙሉ አልሞተም ነበር። እሳት የነካውን ቫይረስ ሁሉ እንደሚያጠፋ ጥርጥር የለውም፤ የታማሚ ጨርቅ ማቃጠል ውጤት አለው። የኢንፍሉዌንዛ መተላለፊያ ግን ቆሻሻው አልነበረም፤ በአንድ ቤት ተዘግተው የሚተነፍሱ ሰዎች ትንፋሽ ነበር። ጭስ በአየር ላይ ያለን ቫይረስ ለማጥፋት በሚያስፈልገው መጠን ከሆነ ሰውም አይችለውም፤ ከዚያ ባነሰ መጠን ደግሞ ሳንባን ያቆስላል። ልማዱ ጎረቤትን አሰባስቦ ሰፈርን ማጽዳቱ፣ አይጥና ዝንብን መቀነሱ በራሱ ዋጋ አለው። ለትንፋሽ በሽታ ግን መከላከያ ተደርጎ መቆጠር የለበትም።

ሽፋን ያላቸውና የሌላቸው

በምን ይጠፋል ለሚለው ጥያቄ ከሁሉ የሚረዳው ክፍፍል ይህ ነው። አንዳንዶቹ ቫይረሶች ከወጡበት ሕዋስ የተወሰደ ቅባታማ ሽፋን ለብሰዋል፤ ኢንፍሉዌንዛ፣ ኩፍኝ፣ ኮሮና፣ ኤችአይቪ፣ የእብድ ውሻ በሽታ፣ ደስታ ከእነዚህ ናቸው። ሽፋኑ ከተቀደደ ቫይረሱ አለቀለት። ሳሙና ድስት ላይ የረጋን ቅቤ እንደሚያስለቅቅ ይህንንም ሽፋን ይበታትነዋል፤ አልኮልም እንዲሁ።

ሁለተኛው ወገን ሽፋን የለውም፤ ጠንካራ የፕሮቲን ቅርፊት ብቻ ነው። ፖሊዮ፣ ሮታ፣ ኖሮ፣ የጉበት በሽታ የሚያመጣው ሄፓታይተስ ኤ እና አፍተግር እዚህ ይመደባሉ። አብዛኞቹ በሆድ በኩል የሚሄዱ ናቸውና አሲድንና ሐሞትን አልፈው እንዲወጡ ሆነው ተሠርተዋል። ውሃ ውስጥ፣ ዓይነ ምድር ውስጥ፣ እርጥብ አፈር ውስጥ ለሳምንታት አንዳንዴም ለወራት ይቆያሉ። ለፖሊዮ፣ ለኖሮና ለሄፓታይተስ ኤ የእጅ አልኮል ብዙ አያስተማምንም። ሳሙናም አይገድላቸውም፤ ከእጅ አስለቅቆ በውሃ ይወስዳቸዋል። ስለዚህ ሽፋን ለሌላቸው ቫይረሶች ዋናው ነገር ማሸትና በሚፈስ ውሃ ማለቅለቅ ነው፤ ሳሙና ነክቶ በጨርቅ መጥረግ አይበቃም።

ክፍፍሉ ግን እንከን የለሽ ሕግ አይደለም። የፈንጣጣ ቤተሰብ ሽፋን አለው፣ ሆኖም በድርቀት ይጸናል። ለላስታ እረኞች ይህ ቀጥተኛ ጉዳይ ነው፤ የበግ ፈንጣጣ ቫይረስ ጥላ ባለውና ባልተጠረገ በረት ውስጥ እስከ ስድስት ወር፣ በጸጉር ላይ በቀረ ደረቅ ቅርፊት ደግሞ እስከ ሦስት ወር ሊቆይ ይችላል። ደስታ መሰል የሚባለው የበግና የፍየል በሽታ ግን እንደ ዘመዱ እንደ ደስታ በቶሎ ይሞታል። አንዱ በረት መጥረግን ይጠይቃል፣ ሌላው አዲስ የተገዛን በግ ለብቻ አሥሮ መጠበቅን።

የኮቪድ ክርክር

የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ በኢትዮጵያ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ይፋ ሲሆን፣ በዚያው ሰሞን አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት ዓለምን አስደንግጦ ነበር። ቫይረሱ በፕላስቲክ ላይ እስከ 72 ሰዓት፣ በማይዝግ ብረት ላይ እስከ 48፣ በካርቶን ላይ እስከ 24፣ በመዳብ ላይ እስከ 4 ሰዓት ተገኘ። በጥቅምት ወር ደግሞ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች በ20 ዲግሪ ሙቀት፣ በጨለማ፣ በመስታወትና በገንዘብ ኖት ላይ 28 ቀን መቆየቱን አሳወቁ። የብር ኖት፣ የበር እጀታ፣ የታክሲ ወንበር ሁሉ ጠላት ሆነ። አዲስ አበባን ጨምሮ በብዙ የዓለም ከተሞች ጎዳና በኬሚካል ተረጨ።

ቁጥሮቹ ትክክል ነበሩ፤ የተነበቡበት መንገድ ግን ስሕተት ነበር። አንደኛ፣ ተመራማሪዎቹ ዕቃው ላይ ያስቀመጡት መጠን ታማሚ አስሎ ከሚተወው እጅግ የበዛ ነበር። ሁለተኛ፣ መጠኑ በየሰዓቱ ይወርዳል፤ በፕላስቲክ ላይ በሰባት ሰዓት ገደማ በግማሽ ይቀንሳልና በሦስተኛው ቀን የተገኘው ርዝራዥ ነበር። ሦስተኛ፣ የአውስትራሊያው ሙከራ ብርሃንን አስወግዶ የተሠራ ነው። አራተኛ፣ በሆስፒታሎች ዕቃ ላይ የተገኘው አብዛኛው የቫይረሱ ዘረመል ቅሪት ነው፤ የላቦራቶሪ ምርመራ የሞተውንም ያለውንም አንድ አድርጎ ያሳያል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2020 ጎልድማን የተባሉ አሜሪካዊ የማይክሮባዮሎጂ ሊቅ የዕቃ ንክኪ ሥጋት ተጋኗል ብለው ጻፉ፤ በቀጣዩ ዓመት ሚያዝያ የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከል በአንድ የዕቃ ንክኪ የመያዝ ዕድል ከ10,000 አንድ እንኳ እንደማይሞላ ገለጸ። የዓለም ጤና ድርጅት ጎዳና መርጨት እንደማይጠቅምና ሰው ላይ መርጨት እንደሚጎዳ የተናገረው በግንቦት 2020 ነው።

የዘገየው የአየር ነገር ነው። ዊሊያም ዌልስ የተባለ አሜሪካዊ ከትንፋሽ የሚወጡ ጥቃቅን ጠብታዎች ደርቀው አየር ላይ እንደሚንሳፈፉ እ.ኤ.አ. በ1934 ጽፎ ነበር። ሆኖም 239 ሳይንቲስቶች በሐምሌ 2020 በግልጽ ደብዳቤ እስኪወተውቱ ድረስ ይፋዊው ምክር እጅ መታጠብና ርቀት ላይ ያተኩር ነበር። እጅ መታጠብ ለሆድ በሽታ ከፍተኛ ዋጋ ስላለው ድካሙ ባክኖ ቀረ አይባልም። መስኮት መክፈት ግን ከመጀመሪያው ቀን መነገር ነበረበት፤ በተለይ ብርድን ለመከላከል ተዘግተው ለሚያድሩ የደጋ ቤቶችና ሌሊቱን ሙሉ ማኅሌት ለሚቆምባቸው ከአለት ለተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናት።

ደጋው ላይ ያሉ መሣሪያዎች

ፀሐይ ከሁሉ ርካሹና ከሁሉ የተዘነጋው ነው። በሰው ሠራሽ የበጋ ፀሐይ በተሠራ ሙከራ፣ በምራቅ መሰል ፈሳሽ ውስጥ ያለ የኮሮና ቫይረስ በየሰባት ደቂቃው ገደማ ዘጠና በመቶው ይጠፋ ነበር። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ከባሕር ወለል በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ላሊበላ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር በላይ ይወጣል። ስለዚህ ባናን አውጥቶ ገልበጥ ገልበጥ እያደረጉ ማስጣት የላቦራቶሪ ማስረጃ የሚደግፈው ልማድ ነው። ገደቡም መታወቅ አለበት፤ ጨረሩ ያልነካው የጨርቅ እጥፋት ውስጥ አይሠራም፣ በመስታወት በኩል ሲገባ ይዳከማል፣ በክረምት ደመና ይቀንሳል።

በጠራ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃን ለስድስት ሰዓት፣ ደመና ከበዛ ለሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ በዚሁ መርሕ ይሠራል። ድፍርስ ውሃ ግን መጀመሪያ መጥለል አለበት፤ ሽፋን ከሌላቸው ቫይረሶችም አንዳንዶቹ ይህን ዘዴ ይቋቋማሉ።

ከፍታ በፀሐይ የሰጠውን በማፍላት ላይ ይቀንሳል። ውሃ በባሕር ወለል በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ላሊበላ ላይ በ92 ገደማ፣ 3,000 ሜትር ላይ በ90 ገደማ። ያም ሆኖ በቂ ነው፤ ጽኑ የሆነው ሄፓታይተስ ኤ እንኳ በ85 ዲግሪ በአንድ ደቂቃ ይጠፋል። ከ2,000 ሜትር በላይ ለሚኖር ሰው የሚሰጠው ምክር ውሃው ከተንፈቀፈቀ በኋላ አንድ ደቂቃ ሳይሆን ሦስት ደቂቃ ማቆየት ነው። በማገዶ እጦት ለምትቸገር እናት ሦስት ደቂቃ ቀላል ባይሆንም ሃያ ደቂቃ ከሚሉት የድሮ ምክሮች እጅግ ይቀላል።

አረቄ ለእጅ ማጽጃ አይሆንም። ቫይረስ ለማጥፋት ከ60 እስከ 80 በመቶ አልኮል ያስፈልጋል፤ ተራ አረቄ 35 አካባቢ፣ ዳግም አረቄ 45 አካባቢ ነው። በረኪና በትክክል ከተበጠበጠ ሽፋን ያለውንም የሌለውንም ያጠፋል። ባለ 5 በመቶውን አንድ እጅ በዘጠኝ እጅ ውሃ ማቅጠን ለታማሚ ትውከትና ዓይነ ምድር በቂ ነው። ቆሻሻው መጀመሪያ ካልተጠረገ ግን ኃይሉን ቆሻሻው ይጨርሰዋል፤ ፀሐይና ሙቀት ላይ የከረመ ጠርሙስም ጉልበቱ ያልቃል። አመድ ሳሙና በሌለበት እጅ ለማሸት ይጠቅማል ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ጥናቶችን ያሰባሰበ ግምገማ ግን ለመፍረድ የሚያበቃ ማስረጃ አላገኘም።

የእብድ ውሻ በሽታ የተለየ ቦታ ይገባዋል። ቫይረሱ ከገላ ውጭ በፀሐይና በድርቀት በቶሎ ይሞታል። ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 ክትባቱን ያገኘውም የታመመ ጥንቸል ሕብለ ሰረሰርን በአየር በማድረቅ ቫይረሱን አዳክሞ ነው። ውሻ የነከሰውን ቁስል ወዲያውኑ በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ማጠብ ቫይረሱን ነርቭ ውስጥ ሳይገባ ገና ውጭ ሳለ መያዝ ነው። ከዚያ ጤና ጣቢያ ሄዶ ክትባቱን መውሰድ ግዴታ ነው፤ እጥበቱ ክትባቱን አይተካም።

ቫይረስን ማቆየት ሲያስፈልግ

ስለ ቫይረስ መጥፋት ሲጻፍ አንድ ነገር ብዙ ጊዜ ይዘለላል። የኩፍኝ፣ የአፍ ጠብታው የፖሊዮና በ2006 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የጀመረችው የሮታ ክትባት የተዳከሙ ነገር ግን ሕይወት ያላቸው ቫይረሶች ናቸው። እዚህ ላይ ፀሐይና ሙቀት ጠላት ይሆናሉ። የኩፍኝ ክትባት ከተበጠበጠ በኋላ ከስድስት ሰዓት ማለፍ የለበትም።

ታላላቆቹ ድሎች የመጡት ይህ ችግር ሲፈታ ነው። የፈንጣጣ ክትባት በረዶ ሆኖ ከደረቀ በኋላ በ37 ዲግሪ ሙቀት አንድ ወር ይቆይ ነበርና በበቅሎና በእግር ገደል ለገደል ሊሄድ ቻለ። ለደስታ በሽታም ሙቀት የሚቋቋም ክትባት ተሠርቶ በአፋር የሠለጠኑ አርብቶ አደሮች ራሳቸው ይከትቡ ጀመር። ኢትዮጵያ ከደስታ ነፃ መሆኗ በ2000 ዓ.ም. ታወቀ፣ ዓለም በ2003። ዛሬ ያ ቫይረስ የሚገኘው በጥቂት ቤተ ሙከራዎች ማቀዝቀዣ ውስጥ ብቻ ነው፤ ከእነሱ አንዱ ቢሾፍቱ ያለው የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ማዕከል ነው። ቀሪውን ናሙና ማጥፋት ወይስ ለጥናት ማቆየት የሚለው ክርክር በፈንጣጣም በደስታም አልተቋጨም።

ያልተቋጩት

እርጥበት የሚያከራክር ጉዳይ ነው። ኢንፍሉዌንዛ በደረቅ አየር ይበልጥ ይቆያል፤ ፖሊዮ በእርጥብ አየር። ኮሮና ቫይረስ ከሁለቱም የተለየ ጠባይ አሳይቷል፤ በመካከለኛ እርጥበት ቶሎ ሲፈርስ በጣም ደረቅም በጣም እርጥብም ሲሆን ይሰነብታል። ለምን እንደሆነ በጠብታው ውስጥ ያለው ጨው፣ ፕሮቲንና የአሲድነት መጠን እየተጠቀሰ ይከራከሩበታል። ደረቅና ብርዳማ የበጋ ሌሊት ላለው የላስታ ደጋ መልሱ የትምህርት ቤት ነገር ብቻ አይደለም።

ሁለተኛው ያልተቋጨ ነገር የመለኪያው ቦታ ነው። የቆይታ ቁጥሮች በአብዛኛው የተገኙት በ20 እና በ23 ዲግሪ መካከል፣ በፕላስቲክ፣ በብረትና በመስታወት ላይ ነው። የላስታ ቤት ድንጋይና ጭቃ፣ ቁርበት፣ ባና፣ እንጨትና ሸክላ ነው፤ ሌሊቱ ብርድ፣ ቀኑ ብርቱ ፀሐይ ነው። ከብርጭቆ የተገኘ ቁጥርን እንዳለ ወደ ቁርበት ማዛወር አይቻልም። ይህን ለመለካት አደገኛ ቫይረስ አያስፈልግም፤ ባክቴሪያን ብቻ የሚያጠቁ፣ ሰውን የማይጎዱ ቫይረሶችን እንደ ምትክ መጠቀም የተለመደ ነው፣ ወጪውም ለአንድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ አይከብድም። ወልድያ ዩኒቨርሲቲና የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይህን ሥራ በጋራ ቢይዙት፣ ከሙጃ ጀምሮ በየከፍታው ባና ፀሐይ ላይ ስንት ሰዓት መሰጣት እንዳለበት፣ የበግ በረትም ስንት ሳምንት ባዶ መቆየት እንዳለበት ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችና ለእንስሳት ጤና ረዳቶች በቁጥር ሊነግሯቸው ይችላሉ። ይጀምሩት።